የእንጉዳይ ፖሊሳካራይድ፦ ሰውነትን ያነቃል፣ ሐኪምን አይተካም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው የጤናና የሳይንስ ዝግጅታችን ጀምሯል።

የዛሬው ርዕሳችን እንጉዳይ ነው። አንዳንዶቻችሁ በጾም ወቅት በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሳችሁ ትበሉታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ብቅ የሚለውን የጅብ ጥላ ብቻ ታውቃላችሁ፤ አትንኩት እየተባላችሁም አድጋችኋል።

አንድ ጥያቄ ላንሳላችሁ። «ይህ እንጉዳይ ካንሰር ያድናል» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በካፕሱል፣ በዱቄት ወይም ከቡና ጋር ተቀላቅሎ «ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለካንሰር፣ ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የቀረበላችሁ አላችሁ?

ነገሩ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ እስከ ምን ድረስ ነው?

የዛሬው ዝግጅት ይህን ይመልሳል። ሦስት ነገሮች እናያለን። አንደኛ፣ እንጉዳይ ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ ምን ይሠራል? ሦስተኛ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ ምን ተገኘ? በመጨረሻም ለጓዳችሁና ለጤናችሁ የሚሆን ምክር እናካፍላችኋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ እንነሳ። እንጉዳይ ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው?

ተመራማሪዎች አብዝተው ያጠኑት ፖሊሳካራይድ የሚባለውን ነው። ፖሊሳካራይድ በጣም ብዙ የስኳር ሞለኪውሎች እየተያያዙ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ስሙ ከበድ ቢልም ነገሩ ከእኛ ቤት የራቀ አይደለም። እስቲ ወደ ጤፍ ማሳ እንሂድ።

ከጤፉ ፍሬ እንጀራ እንጋግራለን። ጭዱን ለከብት እንሰጣለን፤ ከጭቃ ጋር አቡክተንም ቤት እንመርግበታለን። አሁን ልብ በሉ። ፍሬው ውስጥ ያለው ስታርችና ጭዱ ውስጥ ያለው ሴሉሎስ፣ ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ስኳር ነው። ያም ስኳር ግሉኮስ ነው፤ ሐኪም ቤት ለታማሚ የሚሰቀለው ግሉኮስ።

ታዲያ ስኳሩ አንድ ከሆነ፣ ፍሬውን በልተን ስንጠግብ ጭዱን መብላት ለምን አቃተን?

መልሱ አያያዙ ላይ ነው። ስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ የተያያዙት በአንድ መንገድ ነው፤ ሴሉሎስ ውስጥ የተያያዙት በሌላ መንገድ ነው። አንጀታችን የስታርቹን ማያያዣ የሚፈታ ኢንዛይም አለው፤ የሴሉሎሱን የሚፈታ ግን የለውም። በሬውም ቢሆን ጭዱን የሚፈጨው ሆዱ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተህዋስያን እገዛ ነው።

እንግዲህ ይህን ያዙልኝ፤ ስኳሩ አንድ ሆኖ አያያዙ ሲለወጥ፣ የሚሠራው ሥራም ይለወጣል። ይህ የዛሬው ትምህርታችን ቁልፍ ነው። በኋላም እንመለስበታለን።

አሁን ወደ እንጉዳዩ። የእንጉዳይ ሴሎች ግድግዳ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ፖሊሳካራይድ አለ። እሱም የተሠራው ከዚያው ከግሉኮስ ነው። አያያዙ ግን ከስታርችም ከሴሉሎስም ይለያል። ረጅም ግንድ አለው፤ ከግንዱ ላይ ደግሞ አጫጭር ቅርንጫፎች ይወጣሉ። ከእስያ በመጣው ሺታኬ በተባለው እንጉዳይ ውስጥ፣ ግንዱ ላይ ካሉ ከየአምስቱ ግሉኮሶች ሁለቱ ቅርንጫፍ አላቸው። ሦስት እንዲህ ያሉ ሰንሰለቶች ደግሞ እርስ በርስ ተጎንጉነው ይኖራሉ።

«ቤታ ግሉካን እኮ ገብስም ውስጥ አለ» የሚል አድማጭ ካለ፣ ልክ ነው። የገብስና የአጃ ቤታ ግሉካን ግን ቅርንጫፍ የለውም፤ አያያዙም ሌላ ነው። እሱ አንጀት ውስጥ እየወፈረ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. ለአጃ፣ በኋላም ለገብስ፣ ይህ ጥቅም በምግቡ መያዣ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ለዚህ ጥቅም የሚያስፈልገው መጠን በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው። ስለዚህ በሶአችሁንና የገብስ ገንፎአችሁን አትናቁ።

የእንጉዳዩ ቤታ ግሉካን ሥራ ግን ሌላ ነው። ስሙ አንድ ነው፣ ስኳሩ አንድ ነው፣ አያያዙ ይለያል፣ ሥራውም ይለያል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ይህ ነገር ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

ታሪኩ የሚወስደን ወደ ጃፓን፣ ወደ ቶኪዮ ነው። ጃፓኖች ሺታኬን በእንጨት ግንድ ላይ እያበቀሉ ለብዙ ዘመን ሲመገቡት ኖረዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በቶኪዮ በሚገኘው ብሔራዊ የካንሰር ማዕከል ጎሮ ቺሃራ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህን እንጉዳይ ማጥናት ጀመሩ።

ምን አደረጉ? እንጉዳዩን በፈላ ውኃ ዘፍዝፈው በውኃው ውስጥ የሟሟውን ፖሊሳካራይድ ለዩ፤ አጠሩትም። ከዚያ ዕጢ ለተተከለባቸው አይጦች በመርፌ ሰጡ። ዕጢው ማደጉን ተወ፤ በብዙዎቹ አይጦች ላይም ጨርሶ ጠፋ። ውጤቱ በ1969 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ንጥረ ነገሩም ሌንቲናን ተባለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ፣ የካንሰር መድኃኒት ተገኘ!» ይላል። ተመራማሪዎቹ ግን እዚህ አላቆሙም። «ዕጢውን ያጠፋው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። እናንተስ ምን ትገምታላችሁ? ሌንቲናኑ የካንሰሩን ሴል መርዞ ገደለው?

አልገደለውም። የካንሰር ሴሎችን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አድርገው ሌንቲናን ሲጨምሩባቸው ሴሎቹ አልሞቱም። ሰውነት በሌለበት ሌንቲናኑ ብቻውን ምንም አላደረገም።

ቀጥለው ሌላ ፈተና አደረጉ። ደረታችን ውስጥ፣ ከልብ ከፍ ብሎ፣ ታይመስ የሚባል የሰውነት ክፍል አለ። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚበስሉት እዚያ ነው። ተመራማሪዎቹ ገና እንደተወለዱ ታይመሳቸው የወጣ አይጦችን ወሰዱ። ለእነዚህ አይጦች ሌንቲናን ሲሰጧቸው እንደ ቀድሞው አልሠራም።

ይህ ምን ይነግረናል? ሌንቲናን ራሱ ካንሰርን አይገድልም። የሚሠራው የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት በማነቃቃት ነው። የመከላከያ ሥርዓቱ ከሌለ ወይም ከደከመ፣ ሌንቲናኑ የሚያነቃው ነገር አይኖርም።

ልድገመው፤ የእንጉዳይ ፖሊሳካራይድ በሽታውን አይገድልም። በሽታውን የሚዋጋውን የራሳችንን ሰውነት ያነቃል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ1970 እ.ኤ.አ. ሌላም ነገር አሳዩ። ፓኪማን የሚባል፣ ከሌላ ፈንገስ የተገኘ ግሉካን አለ። ዕጢ ላይ ምንም አይሠራም ነበር። በኬሚካል ዘዴ ቅርንጫፎቹን ሲያስወግዱለት ግን መሥራት ጀመረ። ቅድም «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ይህንን ነው። የተጨመረበት ሌላ ንጥረ ነገር የለም፤ የተለወጠው የሰንሰለቱ ቅርጽ ነው።

(አጭር የድምፅ ምልክት)

አቅራቢ፦ ግን ሰውነታችን ከእንጉዳይ የመጣን ስኳር ለምን ይለየዋል? ለምንስ ይነቃል?

አንድ ሰፈር ጥሩ ዘበኛ አለው እንበል። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሲገቡና ሲወጡ ሰላም ይላል። የማያውቀው ሰው ሲመጣ ግን ወዲያው ይነሳል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ሌሎችን ይጠራል። በሰውነታችንም የዘበኛውን ሥራ የሚሠሩ ነጭ የደም ሴሎች አሉ።

የሰው ሰውነት ቤታ ግሉካን አይሠራም። እንዲህ ያለው ቤታ ግሉካን በብዛት የሚገኘው በፈንገስ ሴሎች ግድግዳ ላይ ነው። ከፈንገሶች መካከል ደግሞ እኛን የሚያሳምሙ አሉ። የሕፃናትን አፍ የሚያነጣውና የሚያቆስለው ካንዲዳ አንዱ ነው። ስለዚህ ሰውነት ቤታ ግሉካን ሲያገኝ ፈንገስ እንደመጣበት ይቆጥርና ይነሳል።

ሴሎቹ ቤታ ግሉካንን የሚለዩበት ልዩ ተቀባይ አላቸው። ይህን ተቀባይ በ2001 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጎርደን ብራውንና ሳይመን ጎርደን የተባሉ ተመራማሪዎች ለይተው አሳወቁ። ስሙ ዴክቲን አንድ ይባላል። ቤታ ግሉካኑ እዚህ ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች ይነቃሉ፤ ባዕድ ነገር መዋጥ ይጀምራሉ፤ ሌሎች ሴሎችን የሚጠሩ የኬሚካል መልእክቶችም ይልካሉ። መልእክቱ የደረሳቸው ቲ ሴሎችም ለሥራ ይነሳሉ።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ልጆቻችን እንደተወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉትን የቢሲጂ ክትባት ታውቃላችሁ። የሚሰጠው ለቲቢ ነው። በኔዘርላንድስ፣ በኒጅሜገን ከተማ ሚሃይ ኔቲያ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ቢሲጂም ሆነ ቤታ ግሉካን አንዳንድ ነጭ የደም ሴሎችን ያሠለጥናሉ። የሠለጠኑት ሴሎች በሌላ ጊዜ ሌላ ተህዋስ ሲገጥማቸው ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነትና ኃይል ይነሳሉ።

እንግዲህ እስካሁን ሁለት ነገር ይዘናል። አንደኛ፣ እንጉዳይ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል፣ ልዩ ቅርጽ ያለው የስኳር ሰንሰለት አለ። ሁለተኛ፣ ይህ ሰንሰለት የመከላከያ ሥርዓታችንን ያነቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሦስተኛውና ከሁሉም ወደሚያሳስበን ጥያቄ ደረስን። በአይጥ ላይ የሠራ ሁሉ በሰው ላይ ይሠራል?

አይሠራም፣ አድማጮቻችን። በአይጥ ላይ ድንቅ ሆነው በሰው ላይ ያልሆኑ ብዙ መድኃኒቶች አሉ። ስለዚህ በሰው ላይ መፈተን የግድ ነው።

ጃፓን በዚህ ረገድ ረጅም መንገድ ሄዳለች። በ1977 እ.ኤ.አ. ክሬስቲን የተባለ፣ በሞተ ግንድ ላይ ከሚበቅል ትራሜቴስ ከሚባል እንጉዳይ የተወሰደ፣ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ፈቀደች። በ1985 ሌንቲናንን ለጨጓራ ካንሰር በመርፌ እንዲሰጥ ፈቀደች። በ1986 ደግሞ ሺዞፊላን የተባለውን ለማህፀን በር ካንሰር ፈቀደች።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ሌንቲናን ለጨጓራ ካንሰር የተፈቀደው ከኬሞቴራፒ ጋር ነው። ሺዞፊላንም የተፈቀደው ከጨረር ሕክምና ጋር ነው። «ኬሞቴራፒውን ተዉና ይህን ውሰዱ» ተብሎ አልተፈቀደም። በረዳትነት፣ ከዋናው ሕክምና ጎን ነው የተፈቀደው።

ውጤቱስ ምን ነበር? አንድ ምሳሌ እንይ። በ1994 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የጃፓን ሐኪሞች አንድ ጥናት አሳተሙ። የጨጓራ ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 262 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ኬሞቴራፒ ብቻ ወሰደ። ሌላው ኬሞቴራፒና ክሬስቲን ወሰደ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኬሞቴራፒ ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 60ዎቹ በሕይወት ነበሩ። ክሬስቲን ከተጨመረላቸው ከመቶ 73ቱ በሕይወት ነበሩ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከመቶ ሰዎች የ13ቱን ሕይወት የሚነካ ልዩነት ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ኬሞቴራፒም ወስደዋል። እንጉዳዩ የመጣው በዚያ ላይ ተጨምሮ ነው።

ሌላ ምሳሌ ደግሞ እንይ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የጃፓን ጥናት ሌንቲናንን ፈተነ። የጨጓራ ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የማይችል ወይም ተመልሶ የመጣባቸው ከ300 በላይ ሰዎች ተካፈሉ። ግማሾቹ ኬሞቴራፒ ብቻ፣ ግማሾቹ ኬሞቴራፒና ሌንቲናን ወሰዱ። ምን ተገኘ? ሌንቲናኑ ዕድሜያቸውን ማስረዘሙ አልታየም።

አያችሁ? አንዱ ጥናት ጠቅሟል ይላል፤ ሌላው አልጠቀመም ይላል። የእንጉዳዩ ዓይነት ይለያያል፣ የበሽታው ደረጃ ይለያያል፣ አብሮ የሚሰጠው መድኃኒትም ይለያያል። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚሄደው። አንድ ጥናት ብቻ ይዞ «ያድናል» ብሎ የሚምል ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

(አጭር የድምፅ ምልክት)

አቅራቢ፦ በካፕሱልና በቡና መልክ በብዛት ስለሚሸጠው ስለ ጋኖደርማስ ምን ይባላል? ቻይናውያን ሊንግጂ፣ ጃፓኖች ሬይሺ ይሉታል። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ውስጥ ትልቅ ክብር ያለው እንጉዳይ ነው።

ኮክሬን የሚባል፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም አለ። በካንሰር ሕሙማን ላይ የተደረጉትን አምስት የጋኖደርማ ጥናቶች መረመረ። ብይኑ ይህ ነበር፤ ጋኖደርማን ዋና የካንሰር ሕክምና አድርጎ ለመስጠት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። ከዋናው ሕክምና ጋር በተጨማሪነት ሊታሰብ ይችል ይሆናል።

ከካንሰር ውጭ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ጥናት አለ። የተደረገው በአውሮፓ፣ በስሎቫኪያ ነው። የተጠናው ኦይስተር የተባለው እንጉዳይ ነው። ይህ እንጉዳይ እኛም አገር አለ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ወጣቶችና ሴቶች ተደራጅተው በጭድና በቡና ገለፈት ላይ እያበቀሉ ይሸጡታል።

የስሎቫክ ሐኪሞች ጉንፋንና የመተንፈሻ አካል ሕመም የሚመላለስባቸው 175 ልጆችን ወሰዱ። ለግማሾቹ ከኦይስተር እንጉዳይ የተወሰደ ቤታ ግሉካንና ቫይታሚን ሲ ያለበት ሽሮፕ ሰጡ። ለግማሾቹ ቫይታሚን ሲ ብቻ ያለበት ሽሮፕ ሰጡ። ልጆቹም ወላጆቹም ሐኪሞቹም ማን የትኛውን እንደወሰደ አያውቁም ነበር። ሽሮፑ በተሰጠበት ጊዜ ቤታ ግሉካን ከወሰዱት ልጆች ከመቶ 36ቱ አንዴም አልታመሙም። ቫይታሚን ሲ ብቻ ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 21ዱ ብቻ ናቸው ሳይታመሙ የቆዩት። ጥናቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ጥቅሙ እውነት ነው፤ ግን ልኩን እንይ። ቤታ ግሉካኑን ከወሰዱት ልጆች ከመቶ 64ቱ እንደታመሙ አትርሱ። ይረዳል፤ ተአምር አይሠራም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትጠይቁትን ልጠይቅላችሁ። «እንጉዳይ ጠብሼ ብበላ፣ መርፌው የሚሠራውን ይሠራልኛል?»

አይሠራም። በመርፌ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ከብዙ እንጉዳይ ተጣርቶ የወጣ፣ መጠኑ የታወቀ፣ በቀጥታ ደም ውስጥ የሚገባ ነው። የምንበላው ግን በሆድ በኩል ነው የሚያልፈው። አንጀታችን ይህን ሰንሰለት የሚፈታ ኢንዛይም የለውም። አብዛኛው እንደ አሰር ሆኖ አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተህዋስያን ይመግባል።

«እንግዲያውስ እንጉዳይ መብላት ጥቅም የለውም?» እንዴት የለውም! አሰር አለው፣ ፕሮቲን አለው፣ ቅባቱ ትንሽ ነው፣ ለጾመኛም ለፍስከኛም ይሆናል። ጥሩ ምግብ ነው። ጥሩ ምግብ ስለሆነ ብሉት፤ መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን መድኃኒታችሁን አትተዉበት።

አሁን ምክራችንን አንድ በአንድ እንስማ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ ጻፉ።

አንደኛ። ከገበያ የምትገዙትን፣ ሰው ያበቀለውን እንጉዳይ ብሉ። በደንብ አብስላችሁ ብሉ። ሺታኬን ጥሬውን ወይም ሳይበስል የበሉ አንዳንድ ሰዎች በጀርባቸውና በሆዳቸው ላይ የአለንጋ ሰንበር የሚመስል ሽፍታ ይወጣባቸዋል። ሐኪሞች ይህን በጃፓን በ1977 እ.ኤ.አ. መዝግበዋል፤ ምክንያቱም ራሱ ሌንቲናኑ እንደሆነ ይታሰባል። እንጉዳዩን ስትቀቅሉም ውኃውን አትድፉት። ከቤታ ግሉካኑ የተወሰነው በፈላ ውኃ ይሟሟል፤ ቶኪዮ ላይ ሌንቲናንን ያወጡትም በፈላ ውኃ ነበር። ውኃውን ለወጣችሁ ተጠቀሙበት።

ሁለተኛ። ሜዳ ላይ ወይም ጫካ ውስጥ የበቀለ፣ የማታውቁትን እንጉዳይ ለቅማችሁ አትብሉ። ልጆቻችሁንም አስጠንቅቁ። ከመርዛማ እንጉዳዮች አንዳንዶቹ ጉበትን ያጠፋሉ። መርዛቸው በመቀቀል አይጠፋም። ሕመሙ የሚጀምረውም ከተበላ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደ ማጃንግ ያሉ ወገኖቻችን የዱር እንጉዳይ እየለዩ ይበላሉ። እነሱ ግን ከእናት ከአባታቸው የተማሩት የብዙ ዘመን ዕውቀት አላቸው። ያ ዕውቀት የሌለው ሰው አይሞክረው።

ሦስተኛ። ካፕሱልና ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሩ። በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ ቀዶ ሕክምና የምትጠብቁ፣ የጉበት ሕመም ያለባችሁ፣ ተጠንቀቁ። የጋኖደርማ ዱቄት ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል።

ቅድም ዘበኛው ሲነቃ ጥሩ ነው ብለናል። ለሁሉም ሰው ግን ጥሩ አይደለም። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የመከላከያ ሥርዓታቸው የተተከለውን ኩላሊት እንዳያጠቃ በመድኃኒት ዝቅ ተደርጎ ይኖራል። እንደ ሉፐስ ያለ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች መከላከያን የሚያነቃ ነገር በራሳቸው ፈቃድ መውሰድ የለባቸውም።

አራተኛና ዋናው። የጀመራችሁትን ሕክምና በእንጉዳይ ምክንያት አታቋርጡ። የካንሰር ሕክምና፣ የስኳር መድኃኒት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የቲቢ መድኃኒት፣ የደም ግፊት ኪኒን፣ አንዱንም አታቋርጡ። የካንሰር ዕጢ ሕክምናው ሲዘገይ ይስፋፋል። በጊዜው ሊወጣ ይችል የነበረ ዕጢ ከወራት በኋላ ሊወጣ የማይችል ሊሆን ይችላል።

(ለስለስ ያለ ሙዚቃ ከበስተኋላ)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ያልነውን እናጠቃልል። አብራችሁኝ መልሱ።

እንጉዳይ ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው? ቤታ ግሉካን የሚባል ፖሊሳካራይድ፤ ከግሉኮስ የተሠራ፣ ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? በሽታውን ራሱ አይገድልም፤ የመከላከያ ሥርዓታችንን ያነቃል።

በሰው ላይ ተፈትኖ ምን ተገኘ? ከቀዶ ሕክምናና ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ አንዳንዶችን ጠቅሟል፤ አንዳንዶችን አልጠቀመም። ብቻውን ካንሰር እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ታማሚ ካለ፣ ዛሬ የሰማችሁትን ንገሩልኝ። ሰው ሲታመም ተስፋ ይፈልጋል፤ ተስፋ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይገዛል። ለካፕሱል የሚወጣው ገንዘብ ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለተመጣጠነ ምግብ ቢውል ታማሚውን የበለጠ ይጠቅማል። አንድ ሰው «ይህን ከወሰድክ ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግህም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ነገር ካለ፣ እንጉዳይም ይሁን ሌላ፣ አትግዙት።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከባለሙያ ጋር ሆነን እንመልሳለን። እስከዚያው እንጉዳዩን አብስላችሁ ብሉ፣ መድኃኒታችሁን በሰዓቱ ውሰዱ፣ የሐኪም ቀጠሮአችሁን አክብሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)